ስሙ ሁለቴ የሚጠራ ዱቄት

ትርንጎ የምትሠራበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። እስራኤል ውስጥ፣ ቤርሼባ ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ «ኩሽናው» ይለዋል እንጂ ምግብ አይበስልበትም። ከፎቅ በጋሪ የሚወርደው የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ሁሉ እዚያ ይታጠባል፣ በትልቁ የእንፋሎት ማሽን ይቀቀላል፣ ከዚያ ይደርቅና በዚያው ጋሪ ተመልሶ ይወጣል። የማሽኑ በር ሲከፈት የሚወጣው ትኩስ አየር ፊት ይለበልባል። በብርድ ወራት ደስ ይላል። ደጁ በበረሃ ሙቀት ሲነድ ግን ሰው መግቢያ ይጠፋዋል።

የቀጠራት ተቋሙ ራሱ አልነበረም፤ ቃብላን የሚሉት፣ ሠራተኛ እየቀጠረ ለሌላ የሚያቀርብ ድርጅት ነው። በአውሮፓውያኑ ዘጠና አንድ ቤተ እስራኤልን ባመጣው የአውሮፕላን ጉዞ ከባሏ ከውበቱና ከእናቷ ከእማማ ማሬ ጋር ስትመጣ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጇን ኢንባልን የወለደችው በጊዜያዊው የካራቫን ሰፈር ነው፤ ስሟንም ያወጣችላት አዋላጇ ነርስ ናት። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ያልሠራችው የለም። ብርቱካን ለቅማ አሽጋለች፣ የሆቴል አልጋ አንጥፋለች፣ የትምህርት ቤት ኮሪደር ጠርጋለች። ቤት አግኝተው ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡ በኋላ ነው ወደዚህ ኩሽና የመጣችው። አንዴ ከገባች አልወጣችም፤ ምክንያቱም እዚያ ሪማ ነበረች።

ሪማ ከዩክሬን የመጣች፣ ፀጉሯን አጭር አድርጋ የምትቆረጥ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። በአገሯ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። እዚህ ግን በኩሽናው ጥግ በተሰጣት ጠረጴዛ ላይ ፎቅ ያሉት ተመራማሪዎች የሚያዙትን ውህድ እየመዘነች ታዘጋጃለች። የሁለቱም ዕብራይስጥ ስብርብር ያለ ነበር፤ ሪማ ግሡን ትስታለች፣ ትርንጎ ስሙን ትስታለች። ቢሆንም ከማንም ይልቅ እርስ በርስ ይግባባሉ። የትርንጎ ብርጭቆ ቶሎ ያለቀ ቀን ሪማ ወንበር ስባ አጠገቧ ታስቀምጣትና የምትሠራውን ታሳያታለች። እያየች ቆየች፤ ሚዛኑን መንካት ጀመረች፤ ከዚያ ማሟሟቱን፣ ከዚያ ማስተካከሉን ለመደች።

ከሁሉም አብልጣ የወደደችው ግሊሲልግሊሲን የሚሉትን ነጭ ዱቄት ነበር። ሥጋውም ወተቱም እንቁላሉም እንደ ጨሌ ከተሰኩ ትንንሽ ነገሮች የተሠራ ነው፣ ብላ ነበር ሪማ ያስረዳቻት። ከጨሌዎቹ ሁሉ ትንሿ ግሊሲን ትባላለች። ሁለቱ ብቻ ተያይዘው ሲቀሩ ግሊሲልግሊሲን ይሆናል፤ ፎቅ ያሉት በአጭሩ «ግሊ-ግሊ» ይሉታል። በውኃ ሲሟሟ በፈር ይሆናል፤ አሲድ ጠብ ቢልበትም ቶሎ የማይኮመጥጥ ውኃ ማለት ነው። የጉበት ተመራማሪዎቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከሌላ ነገር ላይ ቁራሽ ነጥቆ ለግሊ-ግሊ ያሸክመዋል፤ ሲነጥቅም ውኃው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በፈጠነ መጠን ኢንዛይሙ ብዙ ነው።

«ቁፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄደሽ ደምሽን ሲቀዱሽ፣ ጉበትሽን የሚያዩት በዚሁ ነው» አለቻት ሪማ።

ይህን ከሰማች ወዲህ ትርንጎ ዱቄቱን በሌላ ዓይን ታየው ጀመር። ክሊኒክ በሄደች ቁጥር ክንዷን የሚያስሩበት፣ ውጤቱን ግን የማያስረዷት ነገር አንዱ ጫፍ በእጇ ነበር። የምታዘጋጅበት አሠራር ራሱ ልብ ያሳርፍ ነበር። ዱቄቱን ውኃ ውስጥ ታስገባለች፣ የምታማስለዋ ትንሽ ማግኔት ታሽከረክረዋለች፣ ከዚያ የኮምጣጣነት መለኪያውን ቁጥር እያየች ኮምጣጣውን የሚሰብረውን ሶዳ ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። ቁጥሩ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ይወጣል። ልክ ቦታው ሲደርስ እጇን ታነሳለች። በዚያች ሰዓት የሚጠራት የለም፣ የሚያጣድፋት የለም።

ዕብራይስጡን ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ተምራ እየተንተባተበች ታነባለች፤ የጠርሙሶቹ ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እሱን አታውቅም። ሪማ ለዚህ መላ አበጀችላት። በግሊ-ግሊው ጠርሙስ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፈችና «ስሙ ሁለቴ የሚጠራው ይሄ ነው፤ የኛ እሱ ነው» አለቻት።

በአውሮፓውያኑ ሁለት ሺህ አምስት፣ ከፋሲካ በፊት፣ ሪማ ልቧን ታመመች። ሆስፒታል ገባች፣ ልቧን ቀደው ጠገኑት፣ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ወዲያ ቆመሽ አትሠሪም አሏት። በጡረታ ተሰናበተች። የቤተ ሙከራዎቹ አስተዳዳሪ ኢታይ፣ ሁልጊዜ በችኮላ የሚራመድ ደግ ወጣት፣ ኩሽና ወርዶ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ትርንጎ ጠረጴዛውንም እንድትይዝ ለመናት። ጊዜያዊ ነው አላት። እሷም «ቤሴደር» አለች። ለማንኛውም ነገር መልሷ ይህ ነበር፤ እሺ ማለት ነው፤ ከዕብራይስጡ ሁሉ ቀድሞ የተማረችው ቃልም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ግን አልመጣም።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ወደቁ። እማማ ማሬ የሚኖሩት ለብቻቸው ነው፣ ሽኩና አሌፍ ውስጥ፣ ምድር ላይ ባለች ትንሽ ቤት። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ከሰማይ ጋር አላድርም ብለው ከትርንጎ ጋር መኖርን እምቢ ያሉት ገና ድሮ ነው። በዚያ ላይ የአገራቸው አሮጊቶችም ጸሎት ቤቱም ያሉት እዚያው ነው። ከመታጠቢያ ሲወጡ አዳለጣቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ብረት ተደርጎላቸው ቤት ቢመለሱም የሚደግፋቸው ሰው ግድ ሆነ። መንግሥት የሚከፍልላት ተንከባካቢ እስክትፈቀድ ድረስ ወራት ይፈጃል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታቸው ሙሉመቤት ብቅ ትላለች። የቀረው ሁሉ የትርንጎ ሆነ። ወንድሟ አየሉ ሰሜን ነው የሚኖረው፤ በየሰንበቱ መግቢያ ይደውልና እግዜር ይማራቸው ይላል።

እማማ ማሬ አስቸጋሪ በሽተኛ ነበሩ ማለት ይከብዳል፤ አይጮኹም፣ አያማርሩም። ሆኖም ሕጋቸውን አይለቁም። የማያውቁት እጅ የነካውን ምግብ አይቀምሱም፣ ባዕድ ሴት ገላቸውን አታጥብም፣ ሰንበት ከገባ የኤሌክትሪክ አልጋቸው ቁልፍ አይነካም። ስለዚህ ትርንጎ ከሥራ ወጥታ ሽኩና አሌፍ ትሄዳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ከዚያ ዩድ አሌፍ ደርሳ ለኢንባል የሚበላ ነገር ታዘጋጃለች፤ ካልቻለችም እናቷ ዘንድ ታድራለች። ውበቱ የሱፐርማርኬት በር ጠባቂ ነው፤ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ኢንባል በስልክ በዕብራይስጥ «ኢማ፣ ዛሬም አትመጪም?» ትላታለች፤ እሷም በአማርኛ ነገ እመጣለሁ ትላታለች።

የዚያን ዓመት በጋ ሰው ሁሉ የሚያወራው ከጋዛ ስለሚወጡት ሰፋሪዎች ነበር። ተቃዋሚው ብርቱካናማ፣ ደጋፊው ሰማያዊ ጨርቅ መኪናው ላይ አስሮ ይሄዳል፣ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው ይጨቃጨቃል። ትርንጎ ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ አንድም ነገር አልሰማችም። ብረቱን ጨብጣ ቆማ ትተኛ ነበር። መውረጃዋን እያለፈች በፀሐይ ተመልሳ የመጣችባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። እግሯ ጫማ ውስጥ ያብጣል፤ እጇ ግን ሥራውን ስለለመደ ያለ እሷም የሚሠራ ይመስላት ነበር።

ሰማያዊ ፕላስተር ያለው ጠርሙስ ያለቀው በዚህ መሐል ነው። አዲስ ዕቃ በካርቶን መጣ፤ ሁሉም ነጭ ጠርሙስ፣ ሁሉም ቀይ ክዳን። ትርንጎ መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸው። ከመካከላቸው የስሙ አጀማመር የምታውቀውን የሚመስለውን አንስታ ለጉበት ተመራማሪዎቹ በፈሩን ሠራች። ሶዳውን ጠብ ስታደርግ ቁጥሩ እንደ ወትሮው አልተጎተተም። በሁለት ጠብታ ብቻ ዘሎ አለፈ። አየችው። እጄ ስቶ አብዝቼ ነው ብላ በአሲድ መለሰችው፣ እንደገና ዘለለ፣ እንደምንም ልኩ ላይ አቆመችውና ጠርሙስ ውስጥ ሞላችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ትደነግጥና ለሪማ ትደውል ነበር። ያን ዕለት ግን የምታስበው እናቷ ጠዋት ላይ ጀርባዬን አቃጠለኝ ስላሉት ነገር ነበር፤ መኝታ ያቆሰላቸው መስሏታል።

በፈሩን የምትወስደው ስታቭ የምትባል፣ ለዶክትሬት የምትማር ቀጭን ልጅ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ የአይጥ ጉበት እየሰበሰበች በበረዶ አቆይታ፣ በጋው ሲገባ መለካት ጀምራ ነበር። እናም ቢጫው አልመጣም። አንዳንዴ ጥቂት ነጣ ብሎ ይመጣና ይቀራል፤ በማግሥቱ ያው ጉበት ሌላ ቁጥር ይሰጣል። የማሽኑን መብራት አስቀየረች። ውድ የሆነውን ኬሚካል እንደገና አስገዛች። በመጨረሻም ማቀዝቀዣው አንድ ሰንበት መብራት ጠፍቶበት ጉበቶቹ ተበላሽተዋል ብላ አመነች።

አንድ ቀን ባዶ ጋሪ እየገፋች ኩሽና ወርዳ በሩ ላይ አለቀሰች። ትርንጎ አስቀመጠቻት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠቻት፣ ከምሳዋ ዳቦና እንቁላል አካፈለቻት። ስታቭ እየበላች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ትርንጎ ግማሹን ተረዳች። ይመጣል፣ አይዞሽ አለቻት፤ ቢጫው ይመጣል። ስታቭም አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ስታቭ ጠዋት ተመልሳ መጣች። ሳትመረምር የቀራት በፈሩ ብቻ ነበር፤ ይህንም ያለችው ትርንጎን ጠርጥራ ሳይሆን ሁሉንም ነገር በገዛ እጄ ልሞክር ብላ ነው። ግሊ-ግሊው የቱ ነው ስትላት ትርንጎ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከመደርደሪያው አነሳችና ሰጠቻት። ስታቭ ጽሑፉን አየችው። ጠርሙሱን አዙራ ደግማ አየችው።

«ይሄ ግሊሲን ነው» አለች።

ትርንጎ አልገባትም ነበር። ስታቭ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ ከኋላ በኩል እሽጉ ያልተከፈተ ሌላ ጠርሙስ አወጣች። ያው ነጭ፣ ያው ቀይ ክዳን ነበር። ስሙ ግን ረዘም ይላል። ሁለቴ የሚጠራው እሱ ነበር።

«አታነቢም እንዴ?» አለቻት ስታቭ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ያልተከፈተውን ጠርሙስ እንደያዘች ወጥታ ሄደች።

ትርንጎ የከፈተችውን ቧንቧ ዘግታ ቆመች። የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ ስታቭ አልነበረም። ያ የዘለለው ቁጥር ነው ፊቷ ላይ የመጣው። አይቼዋለሁ እኮ፣ አለች ለራሷ። አለማንበቧ ያን ያህል አልቆረቆራትም፤ ማንበብ አለመቻሏን ታውቀዋለች። ያየችውን ማለፏ ግን አንገበገባት። የተረፈውን በፈር ሁሉ ከየማቀዝቀዣው ሰብስባ ደፋችው፣ ጠርሙሶቹን አጠበቻቸው፣ ከፎቅ የወረደውንም ብርጭቆ እንደ ወትሮው ጨረሰች። ማታ እናቷን ስታጥብ እማማ ማሬ ምን ሆነሻል አሏት፤ ሙቀቱ ነው አለቻቸው።

ሰንበት ሲገባ ለውበቱ ነገረችው። እሱም አሰበበትና ቢጠሩሽ የሻጩ ጥፋት ነው በይ አላት፤ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ዓይነት ክዳን ይዞ መምጣት ምን ማለት ነው? ክዳኑ አንድ ዓይነት መሆኑ እውነት ነበር። ትርንጎን ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

የሳምንቱ ሥራ በሚጀመርበት እሑድ ጠዋት ኢታይ ጠራት። ቢሮው ውስጥ አስቀምጦ በደግነት አናገራት። ስታቭ አልከሰሰችሽም አላት፤ ስሕተት በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፤ ለቃብላኑም የሚናገር የለም፣ ነገሩ እዚሁ ይቀራል። ለጠርሙሶቹ ባለ ቀለም ወረቀት እንደሚያስለጥፍ ነገራት። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ትንሽ ትኩረት ብቻ ነው የሚያስፈልገው» አለ።

ትርንጎ ቤሴደር ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። ደግ ባይሆን ይቀላት ነበር። ቢቆጣት አንገቷን ደፍታ ትወጣ ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የዕብራይስጡን ቃላት አንድ በአንድ ፈለገቻቸው።

«ያጣሁት ትኩረት አይደለም» አለችው። «እንቅልፍ ነው። የሪማን ሥራና የኔን ሥራ አንድ ላይ ይዤ ነው የከረምኩት። ሁለቱን አልችልም። አንዱን ምረጥልኝ።»

ኢታይ አያት። ይህች ሴት እንዲህ ረጅም ነገር ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። ልክ ነሽ አለ፤ ከበላይ ጋር እነጋገራለሁ አለ። እሷም አመስግና ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ብርጭቆ ብቻ ማጠብ ጀመረች። አድማ አልመታችም፣ ለማንም አላወጀችም። ከፎቅ ትእዛዝ ሲወርድ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሰው ሲደውል የለም ትላለች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በኋላ እየወረዱ ራሳቸው መመዘን ጀመሩ። ዱቄት ይደፋሉ፣ ማግኔቱን ይጥላሉ፣ ሚዛኑን ሳይጠርጉ ይሄዳሉ። ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በኋላ ከበላይ መልስ መጣ፤ በሪማ ቦታ ሰው አይቀጠርም፣ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ የሚፈልገውን ለራሱ ያዘጋጅ ተባለ። ሚዛኑና መለኪያው በጋሪ ተጭነው ወደ ፎቅ ወጡ። ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ፤ ትርንጎም የታጠበ ብርጭቆ ማድረቂያ አደረገችው።

የጠየቀችውን አግኝታለች። ሆኖም መለኪያው ሲወጣ ጋሪውን እስከ በሩ ድረስ ተከትላ ሸኘችው። እዚህ አገር ከመጣች ከሠራችው ሥራ ሁሉ ወድጄ ሠራሁት የምትለው እሱን ብቻ ነበር። ለሪማ ደውላ ነገረቻት። ሪማም ሶፋዋ ላይ ሆና እኔም እኮ ስቻለሁ አለቻት፤ ያውም ደጋግሜ፤ እኔ ስስት ግን አጠገቤ አንቺ ነበርሽ።

ስታቭ ኩሽና የወረደችው መስከረም አልፎ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ነው። በእጇ ትንንሽ ጉድጓድ ያላት የፕላስቲክ ሳህን ይዛ ነበር። ሰላም ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን እያየች ያን ዕለት የተናገርኩት መጥፎ ነገር ነው፣ አሳፍሮኛል አለች። ትርንጎም የሆነው ሆኗል አለቻት። ስታቭ ሳህኗን አሳየቻት። በየጉድጓዱ ያለው ውኃ ነጣ ካለው አንስቶ የሎሚ ልጣጭ እስከሚመስለው ድረስ ቢጫ ነበር። ጉበቶቹ አልተበላሹም ኖሯል። የመጀመሪያዎቹን ግን ተበላሽተዋል ብላ ጥላቸው ነበር፤ ለእነሱ ክረምቱን እንደገና መሥራት አለባት። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ትርንጎ ሳህኗን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየቻት። ለስንት ጊዜ በፈሩን ሠርታ ስትሰጥ ቢጫውን አይታው አታውቅም ነበር።

«ያምራል» አለች።

ስታቭ ደፈር ብላ ተመልሰሽ ብትሠሪልን፣ ለኢታይ እኔ ልንገረው አለቻት፤ እኛ ስንሠራው ቁጥሩ ላይ አይቆምልንም። ትርንጎ እርጥብ ጓንቷን አወለቀች።

«ብርጭቆውን ሌላ ሰው የሚያጥብ ከሆነ እመጣለሁ» አለቻት። «ካልሆነ ግን አልመጣም። ደክሞኛል፣ ልጄ።»

ሰው መቅጠር በስታቭ እጅ አይደለም። ሳህኗን ይዛ ወጣች። ነገሩ እንደዚያው ቀረ።

ለእማማ ማሬ የተፈቀደችው ተንከባካቢ በመጨረሻ መጣች፤ የጎንደር ሰው፣ ማንአለብሽ የምትባል፣ ሕጉን የምታውቅ ሴት በመሆኗ ተቀበሏት። በምርኩዝ ጥቂት መራመድ ጀመሩ። የስግድ በዓል ሲቃረብ ኢየሩሳሌም ወጥቼ ካልሰገድኩ አሉ። እምቢ ቢሏቸው አልሰሙም። ትርንጎ ከቃብላኑ ፈቃድ ጠየቀች፤ ለራሷ ቀን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰጧት።

ጠዋት ከሽኩና አሌፍ የተነሣው አውቶቡስ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ሞልቶ ነበር። ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ ወሬው ዝቅ ያለ ነው። ትርንጎ እናቷን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ የለሃቪምን ቤቶች ሲያልፍ ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የለም። ራሷ በእናቷ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እማማ ማሬም ነጠላቸውን ጠቅልለው ከጉንጯ ሥር አደረጉላት።

አውቶቡሱ ሲቆም በግማሽ ነቃች። ሰው ይነሣል፣ ከውጭ የብዙ ሰው ድምፅና የቄሶቹ ዜማ ይሰማል።

«ደረስን እማዬ?» አለቻቸው ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ገና ነን» አሉ እማማ ማሬ። «ተኚ።»

ሙሉመቤት ልትደግፋቸው ጎንበስ ስትል በእጃቸው ምልክት አሳዩዋት። እናንተ ቅደሙ አሏት በሹክሹክታ። ከዚያ አውቶቡሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ሾፌሩም ወርዶ ሲጋራውን እስኪለኩስ ድረስ፣ ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡ።